ቨርጂኒያ ማን ናት?

ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ብርቱካን ላጡ። ልጣጩን ሳይበጥሱ፣ እያዞሩ፣ ቀስ ብለው። በሩ ሲከፈት የናፍጣው ጭስ ከውጭ ገባና ከብርቱካኑ ጋር ተቀላቀለ። መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ ሄድኩ።

ጋሽ መኮንን የሚሸቱት እንደዚያ ነበር። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር፣ እኛ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ እሳቸው አሥራ አንደኛ ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ ቁም ሣጥን በምታህል የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ይሰጣሉ። አገር ቤት ሳሉ ግን የቱሪስት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር አክሱም፣ ከአክሱም ላሊበላ ፈረንጅ ጭነው ሲመላለሱ ሃያ ዓመት ኖረዋል። ብርቱካኑም የዚያን ጊዜ ልማድ ነው። «እንቅልፍ ያባርራል» ይሉ ነበር፤ ቶሮንቶ ውስጥ ግን ከወንበር ሌላ የሚነዱት ነገር አልነበራቸውም። እርግጥ አሮጌ ቡናማ ስቴሽን ዋገን መኪና ነበረቻቸው፤ እሷም አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት ቆማ ነው የምትውለው።

የምነግራችሁ ስለ አሥር ዓመቴ ሰመር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርን። ነገሩ የጀመረው ግን በረዶው ገና ቀልጦ ሳያልቅ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አባዬና ጋሽ መኮንን በረንዳ ላይ ቆመዋል። እኔ ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተኝቼ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

«ቨርጂኒያን ሳላያት ብሞት ይቆጨኛል» አሉ ጋሽ መኮንን።

«በጣም ቆንጆ ናት ይሏታል» አለ አባዬ።

«ቆንጆ ብቻ? ዕድሜም አላት። ከሌሎቹ ሁሉ ቀድማ የነበረች ናት።»

«ለባለቤቴ ግን ለጊዜው ባልነግራት ይሻላል።»

«እንዴታ! በኔና በአንተ መካከል ይቅር።»

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። እኔ የማውቃት ቨርጂኒያ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ትምህርት ቤታችን ምሳ ሰዓት ላይ የምትጠብቀን፣ ጥፍሯን ቀይ የምትቀባ፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚርገፈገፍ ሴትዮ። ዕድሜም አላት። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም። ዓርብ ዕለት አላስችል አለኝና ሄጄ፣ አባቴን ታውቂዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ማወቅ ነበረብኝ እንዴ፣ የኔ ማር?» አለችና ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች።

አለቀ። አመነች ማለት ነው።

መጠርጠር የተማርኩት ከእማዬ ነው። እማዬ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ የምታጥብ፣ የምታለብስ ረዳት ነበረች። ቀኑን ሙሉ፣ ዋጥኩት ብለው ኪኒን ምላሳቸው ሥር ከሚደብቁ ሰዎች ጋር ነው የምትውለው። ወተቱን ሳታሸት አትቀዳም፣ አሳንሰሩ ሲከፈት ውስጡን ሳታይ አትገባም። ተረቷም አንድ ነው፤ «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር!» ልጅ ሆኜ ይህንን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ ነበር የሰማሁት። ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎዬን በማንኪያ እየበረበርኩ ስንጥር እፈልግ ነበር። አንድም ቀን አላገኘሁም፤ መፈለጌን ግን አላቆምኩም።

ሁለት ሳምንት እንደዚህ ከቆየሁ በኋላ ጋሽ መኮንን አንድ ትልቅ ካርታ ብብታቸው ሥር ይዘው መጡና ጠረጴዛችን ላይ ዘረጉት። አናቱ ላይ በትልልቅ ፊደል ቨርጂኒያ ይላል። አንድ የአሜሪካ ግዛት! የምሳ ሰዓቷን ሴትዮ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ምክንያቱም አባዬ ጉሮሮውን ጠርጎ ለእማዬ ማስረዳት ጀመረ።

«ኦገስት ላይ እኔና ጋሽ መኮንን ለስምንት ቀን ብቅ ልንል አስበናል። ለጉብኝት።»

እማዬ የምታጥፈውን ፎጣ አስቀመጠች። «ሁለታችሁ ብቻ?»

«አንቺ ፈቃድ አታገኚም ብዬ ነው እንጂ…»

«ለጉብኝት አሜሪካ ሄዶ የተመለሰ ሰው እስቲ አንድ ጥራልኝ።»

እማዬ ወደ ካርታው ጎንበስ አለችና ጣቷን አናቱ ላይ አሳረፈች። ዋሽንግተን። የአባዬ የአጎት ልጅ የሚኖረው እዚያ ነው። በየእሑዱ ኮል ያደርግና፣ «እዚያ በረዶ ውስጥ ምን ትሠራለህ? ሥራው ያለው እዚህ፣ ሰዉም ያለው እዚህ» ይለዋል።

«ይሄ ቅርብ ነው አይደል?» አለች።

«መንገዳችን ላይ አይደለም» አለ አባዬ።

«አልጠየቅኩህም መንገድህን። ቅርብ ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

ጋሽ መኮንን በመሀል ብርቱካን ልጠው ለሁላችንም አደሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ የዝግጅት ቀን ሆነ። እሳቸው ከነመነጽራቸው፣ ከነማስመሪያቸው ይመጣሉ። ከቱሪስት ቢሮ በፖስታ ያስላኳቸውን ባለ ቀለም ወረቀቶች በቅደም ተከተል ይደረድራሉ። በመኪና ማቆሚያው የመስታወት ክፍል ተጣጥፈው ሲቀመጡ የማውቃቸው ሽማግሌ ጠፍተው ሌላ ሰው ይመጣል፤ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ድምፃቸው የሚያዝ።

«ቱሪስት የሚደክመው እግሩ አይደለም፣ ዓይኑ ነው» ይላሉ። «ሁለት ታሪክ ካሳየኸው ሦስተኛው ወንዝ ይሁን። ታሪክ በላይ በላዩ ሆድ ይነፋል።»

ስለዚህ በመጀመሪያ የሼናንዶዋ ተራራ፣ ከዚያ የሉሬይ ዋሻ። ከዚያ የአሜሪካኖቹ ሦስተኛ ፕሬዚዳንት መኖሪያ የነበረው ኮረብታ ላይ ያለ ቤት። ቀጥሎ ድንጋይ በተፈጥሮው ድልድይ የሠራበት ቦታ። ሰዎቹ እስከ ዛሬ እንደ ድሮ ለብሰው የሚውሉባት ዊልያምስበርግም አለች። ጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ሳይቀር ያሰላሉ። አባዬ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እማዬ ከማድቤት ሆና ጆሮዋን ታቆማለች። እኔ ደግሞ ሁሉንም አያለሁ።

ካየሁት ውስጥ አንዱ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ካርታው ላይ በቀይ እርሳስ የተከበቡ ቦታዎች ስምንት ናቸው። ባለ ቀለም ወረቀቶቹ ግን ሰባት። ደጋግሜ ቆጠርኩ። ወረቀት የሌላት አንዲት ከተማ ነበረች። መጀመሪያ «ሮአኖኬ» ብዬ አነበብኳት። አባዬ «ሮአኖክ ነው የሚባለው» ብሎ ካረመኝ በኋላ ቶሎ ወሬ ቀየረ። አንድ ቀን ካርታውን ሳይወስዱት ሲሄዱ ገለበጥኩት። ከጀርባው፣ ልክ በከተማዋ አንጻር፣ በደቃቅ ጽሑፍ የስልክ ቁጥር ተጽፏል። ስም የለውም።

ተራራ ስልክ የለውም። ዋሻም የለውም። ስልክ ያለው ሰው ነው።

ማክሰኞ ነበር። እማዬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አትመጣም። አንገቴ ላይ በተንጠለጠለው ቁልፍ ከፍቼ ገባሁና ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጥሩን ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ሄሎ?»

የአበሻ ሴት «ሄሎ» ነው።

«አባቴን ተይው» አልኩ በአማርኛ።

ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። «ማን ልበል?»

«ሶስና ነኝ። ቶሮንቶ። አባዬ ሚስት አለው።»

«የኔ ቆንጆ፣ ተሳስተሽ ነው። እኔ ቶሮንቶ ውስጥ የማውቀው ሰው የለም።»

«ጋሽ መኮንንን አታውቂያቸውም? ስልክሽን ካርታው ላይ ጽፈውታል። ከአባዬ ጋር ሊመጡ ነው።»

ውሃው ቆመ። ስልኩን የዘጋችው መስሎኝ ነበር።

«መቼ?» አለች።

«ኦገስት ሲገባ። ሮአኖክ ቅዳሜ ነው የምትሆነው።»

«እሳቸው ናቸው ደውዪ ያሉሽ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው እንዲህ በያቸው። ለጉብኝት ከሆነ አገሩ ሰፊ ነው፣ ይጎብኙ። እኔ ጋ ግን እንዳይመጡ።»

ዘጋችው።

አባዬ ነጻ ወጣ። በእሱ ፈንታ ጋሽ መኮንንን ያዝኩ። ሴቲቱ የእሳቸው ድብቅ ሚስት ናት አልኩ፤ የሸሸቻቸው፤ ምናልባትም የሚመቷት። እሑድ ሲመጡ ብርቱካን ዘረጉልኝ፤ አልፈልግም አልኩ። «አሞሻል?» አሉኝ። ወደ መኝታ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መልእክቱን አልነገርኳቸውም። የማንንም ምስጢር ከማላውቅበት ቀን ይልቅ ያወቅኩበት ቀን እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ። በግድግዳው በኩል ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ሮአኖክ ላይ ሁለት ሌሊት ይሁን ወይስ አንድ ብለው ከአባዬ ጋር ይመክራሉ።

ጁላይ ላይ የስልክ ኩባንያው ወረቀት መጣ። የሩቅ ጥሪዎች ዝርዝር ላይ ዋሽንግተን ብዙ ቦታ አለ። ከሥሩ ግን ሮአኖክ፣ ቨርጂኒያ የሚል አንድ መስመር። እማዬ ወረቀቱን አንዴ አየችው። አጥፋ ኪሷ ከተተችው። አባዬ ከሚሠራበት ዳቦ ቤት ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ፊቱ ዘረጋችለት።

«ሮአኖክ ማን ናት?»

የአባዬ ፊት ልክ ምድጃ ውስጥ እንደገባ ሊጥ ቀስ ብሎ ተለወጠ። አባዬ መዋሸት አይችልም ነበር። «እኔ አልደወልኩም» አለ። ይህ እውነት ነው። «ማን እንደሆነችም አላውቅም» አለ። ይህ ውሸት ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ እማዬ ብዙ አልደከመችም።

«ታውቃለህ!»

«ባለጉዳዩ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

«መናገር አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን ነው ቃል የገባኸው? ለኔ አልነበረም እንዴ?»

እማዬ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። መኝታ ቤት ገባችና የአባዬን ሻንጣ አውጥታ ልብሱን አስተካክላ፣ ሸሚዞቹን ቆልፋ፣ ካልሲዎቹን ጠቅልላ ከተተችለት። ከዚያ ሻንጣውን በሩ ሥር አቆመችው። «ጉብኝት አይደል? ኦገስትን ለምን ትጠብቃለህ?»

አባዬ ሻንጣውን እያየ ቆመ። ወደ እኔ ዞር አለ፤ የሚያድነው ሰው የሚፈልግ መሰለኝ። አንዲት ቃል ብናገር ሁሉም ነገር ያልቃል። እኔ ግን በሩን ከፍቼ ወጣሁ። አሳንሰር አልጠበቅኩም፤ በደረጃ ሦስት ፎቅ ወረድኩና የጋሽ መኮንንን በር በሁለት እጄ ደበደብኩ።

ከፈቱ። ካርታው ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል።

«እኔ ነኝ የደወልኩት» አልኩ። «ሮአኖክ። እንዳይመጡ ብላለች።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ይመቱኛል ብዬም ነበር። እሳቸው ግን የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀስ ብለው፣ «አነጋገረችሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ድምጿ… እንዴት ነው?»

ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። «እንደ እርስዎ ነው» አልኩ። «ቃሉን ትረግጠዋለች።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ለአሥር ዓመት ልጅ እንደዚያ ያለ ነገር የሚነግር ሽማግሌ ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም፤ ምናልባት ሌላ የሚነግሩት ስላጡ ይሆናል።

«ልጄ ናት። ጽጌ ትባላለች» አሉ። «እናቷ ስትታመም ላሊበላ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ፈረንጅ ይዣለሁ። ቴሌግራም ደረሰኝ። ጉብኝቱ የቀረው ሦስት ቀን ነው፤ ልጨርስና እሄዳለሁ አልኩ። ስደርስ ተቀብራለች። ጽጌ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሩን ከፈተችልኝና፣ ‘ጉብኝቱ እንዴት ነበር?’ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከአፏ የወጣ ቃል አላስታውስም። አክስቷ ጋ ገባች፤ በዚያው አሜሪካ ሄደች። የምጽፈውን ደብዳቤ አትመልስም። ስልኳን ሰው አምጥቶልኝ ዓመት ሆኖታል፤ ቁጥሩን ጽፌ ማየት እንጂ መደወል አልቻልኩም።»

«ታዲያ ለምን በቀጥታ አይሄዱም?»

«በቀጥታ ብሄድ በሩን ትዘጋብኛለች። ለጉብኝት መጥቼ ነው፣ በዚህ ሳልፍ ነው ብል ግን…» አሉና ራሳቸው የተናገሩትን ቃል የሰሙ ይመስል አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ላጲስ አንስተው የሮአኖክን ቀይ ክብ መፋቅ ጀመሩ። ቀይ እርሳስ አይጠፋም። ወረቀቱ ተበላሸ እንጂ ክቡ አልጠፋም።

«የእማዬ ጉዳይስ?» አልኩ እያለቀስኩ። «የአባዬን ሻንጣ በሩ ሥር አቁማዋለች።»

ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን ለበሱ። ሦስት ፎቅ ለመውጣት ኮት! እጄን ይዘው ወጣን።

እማዬ ቁጭ ይበሉ ብትላቸውም እምቢ አሉ። ቆመው ሁሉንም ነገሯት፤ ቴሌግራሙንም፣ አሥራ ሁለቱን ፈረንጆችም። «ባልሽ ጥፋት የለበትም። ማፈሬን አይቶ ነው ዝም ያለልኝ። ሶስናም በመደወሏ ጥፋት የለባትም። ጉዞው ቀርቷል።»

እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ የገዛ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዱላ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ያለችውን ቃል በቃል ንገሪኝ። አንድም እንዳትዘልዪ።»

ነገርኳት። ቧንቧውንም ሳይቀር።

«ውሃውን መቼ ነው የዘጋችው?»

«የጋሽ መኮንንን ስም ስጠራ።»

«ከዚያ ምን አለች?»

«መቼ ነው የሚመጡት አለች።»

«መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነው? እንዳይመጡ ከማለቷ በፊት?»

«አዎ። ቅዳሜ ነው አልኳት።»

እማዬ ወደ ኋላ ደገፍ አለች። ኪኒን ምላሳቸው ሥር የደበቁ በሽተኞቿን ስታይ ፊቷ እንደዚያ የሚሆን ይመስለኛል።

«ሰው እንዳይመጣበት የፈለገ ቀኑን አይጠይቅም» አለች። «ጋሽ መኮንን፣ ካርታውን ያምጡት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግጅቱን የያዘችው እማዬ ናት። ዋሻውን ሰረዘችው። ዊልያምስበርግን ሰረዘችው። ከተራራው በቀር የቀረ ነገር የለም፤ እሱም መንገድ ላይ ስላለ ነው። «ቅዳሜ ተብላለች፣ ቅዳሜ እንደርሳለን» አለች። ከአለቃዋ ጋር ተጣልታ ፈቃድ አወጣች። አራታችንም ቪዛችንን ስናገኝ ፓስፖርቱን ሁሉ ሰብስባ የራሷ ቦርሳ ውስጥ ቆለፈችበት። አባዬ፣ «አሁንም ትጠረጥሪኛለሽ?» ሲላት፣ «ዋሽንግተን እንደሆነ አሁንም ቦታዋ ላይ ናት» አለችው።

ስለ ጉዞው የምናገረው ብዙ የለኝም። ተራራዎቹ እውነትም ሰማያዊ ነበሩ፤ ጠዋት ላይ ጉም ከሥራቸው እየተነሳ መንገዱን ያቋርጣል። ያን ሁሉ እሑድ ስለ ፀሐይና ስለ መስኮት ሲያስተምሩን የነበሩት ሰውዬ ማስረዳቱን ትተው መሪውን ብቻ ይዘዋል። «ይኼ ምንድነው?» ስል፣ «ተራራ» ይሉኛል። ሮአኖክ ልንገባ ስንል እማዬ ከመንገድ ዳር ካለ የእንጨት ጠረጴዛ አጠገብ አስቆመችን። «በባዶ ሆድ ሰው ፊት አይቀረብም» አለች። ዶሮ ጠብሳ፣ እንቁላል ቀቅላ ይዛ ነበር። አንዲትም ሳናስቀር በላን። እሳቸውም በልተዋል፤ እማዬ ቆማ ስላስበላቻቸው።

ቤቱ ዳገት ላይ ያለ፣ ደረጃ ያለው ነጭ የእንጨት ቤት ነው። ጋሽ መኮንን ከማዶ አቆሙ። ሞተሩን አላጠፉም። እጃቸው ከመሪው ላይ አልተነሳም። ማንም አልወረደም።

«መጋረጃው ተንቀሳቅሷል» አለች እማዬ። «ሶስና፣ ውረጂ። ስትደውይ ማንም አልላከሽም፤ አሁን እኔ ልኬሻለሁ።»

መንገዱን ተሻገርኩ። ደረጃውን ወጣሁ። ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። ረዥም ሴት ናት፤ ቅንድቧ የጋሽ መኮንን ነው።

«ሶስና አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እንዳይመጡ በያቸው አላልኩሽም?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«እና?»

«እናማ… መጡ።»

ከላዬ ላይ አሻግራ የጋሽ መኮንንን መኪና አየች። ከዚያ አልፋኝ ወረደችና መንገዱን ተሻግራ በሹፌሩ መስኮት በኩል ቆመች። ተከትያት ሄድኩ። እሳቸው መስታወቱን ዝቅ አደረጉ፤ ፊታቸው ግን ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ ነው። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ሞተሩን አያጠፉትም?» አለች።

አጠፉት።

ጽጌ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ውስጥ አየች። ከፊት አባዬን፣ ከኋላ እማዬን። እንደገና ወደ አባቷ ተመለሰች።

«ምሳ በልታችኋል?»

ጋሽ መኮንን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩዋት።

«አልበላንም» አሉ።

አባዬ ጫማውን አየ። እኔ ወደ እማዬ ዞርኩ። እማዬ መኪናው ወለል ላይ ያለውን የዶሮ አጥንት የሞላ ላስቲክ በእግሯ ቀስ አድርጋ ከወንበሩ ሥር ገፋችውና፣ «ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስንም፣ የኔ እህት» አለች።